«ሞተሯን ስለቀየርኩ አንከፍልም አሉኝ»

ጥያቄ

ጋሼ ሰላም ኖት? አምዱን ሁሌ አነባለሁ ግን እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ዲኤክስ አለችኝ፣ የ1983 ሞዴል፣ አባቴ ነው የሰጠኝ፣ ሊብሬውም በኔ ስም ዞሯል። የዛሬ ሁለት ዓመት ሞተሯ ዘይት መብላት ሲጀምር ማሳደሱ አያዋጣህም አሉኝና ሶማሌ ተራ ሄጄ ባለ 1.6 ሞተር ገዝቼ አስገጠምኩላት። ከዛ ያው ነገር ነገርን ያመጣል፣ ሞላዋን አስቆርጬ ዝቅ አስደረግኳት፣ ሰፋ ያለ ጎማ ከነቸርኬው ገዛሁ፣ ማርሚታ ቀየርኩ፣ የሙዚቃ ሲስተሙ ብቻ ወደ 80 ሺህ ብር በልቷል። ሙሉ ኢንሹራንስ አላት፣ በ600 ሺህ ብር ነው የገባችው።

በክረምቱ አንድ ማታ ዝናብ እየዘነበ ቀለበት መንገድ ላይ ወደ ቃሊቲ ስወርድ ከፊቴ የነበረች ቪትዝ ፍሬን ያዘች፣ እኔም ያዝኩ፣ ተንሸራተተችና ከኋላ ገባሁባት። ሰው አልተጎዳም፣ እግዜር ይመስገን። ትራፊክ መጥቶ ፕላን አነሳ፣ ርቀት ባለመጠበቅ ጥፋቱ ያንተ ነው ተባልኩ። ከዛ የኢንሹራንሱ ሰርቬየር ጋራዥ መጥቶ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተር ቁጥሩን ሲያይ ከሊብሬው ጋር አልገጠመም። ከዛን ቀን ጀምሮ ስደውል «ፋይልህ እየታየ ነው» ብቻ ነው መልሱ፣ በመጨረሻ አንዱ ሠራተኛ በስልክ «ሞዲፋይድ ስለሆነ አይከፈልም» አለኝ። ጓደኛዬ ደሞ የድሮው ሞተር ግቢ ውስጥ ስላለ መልሰን እንግጠመውና ሰርቬየሩ ተሳስቶ ነው እንበል እያለኝ ነው። የቪትዟ ባለቤት በየቀኑ ይደውላል። ምን ላድርግ?

ባለ ዲኤክሱ፣ ከሳሪስ

መልስ

ከጓደኛህ ልጀምር። የድሮውን ሞተር እዛው ግቢ ውስጥ ተወው። ሰርቬየሩ ሞተር ቁጥሩን ፎቶ ሳያነሳ ከጋራዡ ወጣ ብለህ ካሰብክ የሰርቬየርን ሥራ አታውቀውም ማለት ነው። እኔ ኢንሹራንስ ውስጥ ክሌም ክፍል፣ ማለትም የካሳ ጥያቄ የሚታይበት ቦታ፣ 14 ዓመት ስሠራ መጀመሪያ የማነሳው ፎቶ ሻንሲ ቁጥር ነበር፣ ሁለተኛው ሞተር ቁጥር፣ የተጨረማመተው ፓራውልት ሦስተኛ ነው የሚመጣው። ደሞ ከአደጋው በኋላ የወጣ የገባ ሞተር ብሎኑ ራሱ ይናገራል፣ አዲስ የቁልፍ ጭረት ይኖረዋል፣ ጭቃው ይጎድላል።

ዋናው ግን የሕጉ ነገር ነው። የኢንሹራንስ ውል እስካሁን የሚዳኘው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፣ በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የኢንሹራንሱን ክፍል አልነካውም። እዛ ላይ አንቀጽ 667 እና 668 አሉ። ቀለል ባለ አማርኛ ስነግርህ፣ ውል ስትገባ ለኢንሹራንሱ ስጋቱን ለመገመት የሚጠቅመውን የምታውቀውን ሁሉ መናገር አለብህ፣ ሆን ብለህ ከደበቅክ ወይ ከዋሸህ ውሉ ዋጋ የለውም፣ ሆን ብለህ ካልሆነ ግን ውሉ እንዳለ አይፈርስም፣ ካሳው ነው የሚቀነሰው። አየህ፣ አንተ አሁን ያለኸው በሁለቱ መሃል ነው። «ሞተሩ ወድቆ ቀየርኩት፣ ማስመዝገብ እንዳለብኝ አላወቅኩም» ብትል የሚያምንህ ሰው ታገኛለህ፣ ብዙ ሰውም እንዳንተ ነው። ሞተሩን መልሰህ የገጠምክ ቀን ግን ያ ሁሉ አበቃ፣ ሆን ብሎ መደበቅ ማለት ይሄ ነው፣ ከክሌም ጉዳይነት ወጥቶ ወደ ማታለል ወንጀልም ሊሄድ ይችላል። ለ1.6 ሞተር ብለህ ፖሊስ ጣቢያ አትግባ ወንድሜ።

አሁን ወደ «ሞዲፋይድ ስለሆነ አይከፈልም» እንምጣ። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ከአዲስ አበባ ወጥተህ በየመናኸሪያው የቆመውን ቅጥቅጥ እስኪ እየው፣ የጭነት አይሱዙ ሻንሲ ላይ እዚሁ ላሜራ ተቀጥቅጦ ወንበር ተደርድሮበት አውቶቡስ የሆነ መኪና ነው፣ ከሱ በላይ ሞዲፋይድ ከየት ይመጣል? ግን ኢንሹራንስ ይገባል፣ ሲጋጭም ይከፈለዋል፣ ለምን፣ ሊብሬው አውቶቡስ ይላል፣ የሞላው ፎርምም አውቶቡስ ይላል፣ ሰርቬየሩ ሄዶ የሚያየውም አውቶቡስ ነው። ያንተ ችግር መኪናዋ መቀየሯ ላይ ሳይሆን ሊብሬው አንድ መኪና ኮፈኑ ሥር ያለው ደሞ ሌላ መኪና መሆኑ ላይ ነው። እኛ አገር ደሞ ሞተር ቁጥር ከጉልበት በላይ ነገር አለው፣ የተሰረቀ ነው ወይ፣ ቀረጥ የተከፈለበት ነው ወይ የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል፣ ሰርቬየሩ ፊቱ የተቀየረው ምናልባት ለሱ ይሆናል እንጂ ዲኤክስህ ፈጠነች ብሎ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራህ ሶማሌ ተራ ተመልሰህ የገዛህበትን ደረሰኝና የሞተሩን ዲክላራሲዮን (ቀረጥ የተከፈለበት የጉምሩክ ወረቀት) ኮፒ መፈለግ ነው። ያኔ ካልያዝክ አሁን ይከብዳል፣ ግን የሸጠልህ ሰው ሱቁ እዛው ከሆነ ለምነው፣ ተመላለስ፣ አትሰልች። ከዛ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ የሞተር ለውጥ አስመዝግብ፣ የተሽከርካሪ ምዝገባው አዋጅ 681/2002 ነው፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈ ነገር ሲቀየር ማስመዝገብ ግዴታ ነው። አሁን ማስመዝገቡ ላለፈው አደጋ ወደ ኋላ ሄዶ አይሠራልህም፣ ሠራልኝ ብለህም አታቅርበው፣ ግን ሞተሩ ንጹህ መሆኑን ያሳያል፣ ያ ደሞ የሰርቬየሩን ትልቁን ጥርጣሬ ያወርድልሃል።

(እግረ መንገዴን፣ በነዚህ ሁለት ዓመታት ቦሎ ስታወጣ ሞተር ቁጥሩን ማን አየው? ይሄን እዚህ አንቆፍረውም። የምርመራ ወረቀቶቹን ግን አትጣላቸው፣ ለመንገድ ብቁ ናት ተብላ ሁለት ጊዜ ማለፏን ያሳያሉ።)

ሁለተኛው ሥራህ ፎርሙን ማየት ነው። ውሉን ስትገባ የፈረምከውን የማመልከቻ ቅጽ ኮፒ ጠይቅና ቁጭ ብለህ አንብበው። «በመኪናው ላይ የተደረገ ለውጥ አለ ወይ» የሚል መስመር አለው? ማን ነው የሞላው? እንደገመትኩት ወኪሉ ሞልቶልህ አንተ ከታች ፈርመህ ከሆነ ለወኪሉ የነገርከውን አስታውስ፣ ወኪል የኩባንያው ሰው ነው፣ ብሮከር ግን ያንተ ሰው ነው፣ ለወኪል የተነገረ ለኩባንያው እንደተነገረ ነው ብለህ ለመከራከር በር ይከፍትልሃል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደሞ ፎቶው ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ሲሰጡህ መኪናዋን አይተው ፎቶ አንስተዋት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ያነሳሉ፣ በተለይ እንደ ዲኤክስ ላለ አሮጌ መኪና፣ ያ ፎቶ ላይ ዲኤክስህ ዝቅ ብላ ሰፊ ጎማ አድርጋ ቆማለች። እያዩዋት ነው አረቦን የተቀበሉህ። ሞተሩን አላዩትም ሊሉ ይችላሉ፣ ሞላውንና ጎማውን ግን አላየንም ማለት ይከብዳቸዋል።

አሁን ደሞ አንድ ደስ የማይልህ ወረቀት ላይ ደስ የሚል ነገር ላሳይህ። የትራፊኩ ሪፖርት ጥፋቱን ርቀት አለመጠበቅ ነው ብሎ ባንተ ላይ ጽፏል አይደል? ብዙ ሰው እንዲህ ሲጻፍበት ኢንሹራንሱም የሚቀርበት ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። ኢንሹራንስ የሚገዛው ለቸልተኝነት ጭምር ነው፣ ሕጉ የማይሸፍነው ሆን ተብሎ የተደረገውን ነው። ርቀት አለመጠበቅ የተለመደ የሾፌር ጥፋት ነው፣ ባለ 1.3 ሞተርም ከፊቱ ያለው ላይ ተለጥፎ ዝናብ ላይ ከነዳ ይገባል። ስለዚህ ያ ወረቀት የአደጋው ምክንያት ሞተሩ እንዳልሆነ የሚናገር የመንግሥት ሰነድ ነው፣ ኮፒውን ከደብዳቤህ ጋር አያይዘው።

ሞላው ላይ ግን አልዋሽህም። የተቆረጠ ሞላ እንቅስቃሴው ስለሚያጥር ጎማው ጉድጓድ ሲያልፍ አስፋልቱን በደንብ አይዝም፣ ዝናብ ሲጨመርበት ደሞ ፍሬን ስትይዝ የባሰ ነው። ሰርቬየሩ ጎበዝ ከሆነ ሞተሩን ትቶ እዚህ ላይ ነው የሚይዝህ፣ እኔ ብሆን እዚህ ላይ ነበር የምይዝህ። ፖሊሲው ላይ መኪናውን በደህና ሁኔታ የመያዝ ግዴታ አለብህ የሚል አንቀጽ አይጠፋም። ማድረግ የምትችለው መኪናዋ ሳትፈታ ገለልተኛ ጋራዥ ወስዶ የፍሬኑን፣ የጎማውን ጥርስና የሞላውን ሁኔታ በጽሑፍ እንዲሰጥህ ማድረግ ነው፣ ጥሩ ከሆነ ታቀርበዋለህ፣ መጥፎ ከሆነ ቢያንስ በምን እንደሚመጡብህ አውቀህ ትደራደራለህ።

ማርሚታው ማንንም አይገድም። ሲስተሙ ግን፣ እንግዲህ ጠንከር በል፣ ፖሊሲው ላይ ለብቻው ከነዋጋው ካልተጻፈ 80 ሺህ ብሩን እርሳው። ቸርኬውም እንደዛው፣ ቢከፍሉህ በፋብሪካው ዓይነት ዋጋ ነው። የተጨማሪ ዕቃ ደረሰኝ ይዞ ሄዶ «ይሄን መዝግቡልኝ» የሚል ደንበኛ በ14 ዓመት ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው ያየሁት፣ የሚጨምረው አረቦን ደሞ ያን ያህል አልነበረም።

600 ሺህ ብሩስ? ያን ቁጥር መቼ ነው የጻፋችሁት? ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ የነዳጅ መኪናም እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የመኪና ዋጋ ባለበት አልቆመም። መኪናህ በገበያ ለምሳሌ 900 ሺህ ብታወጣና በ600 ሺህ ብታስገባት የአንድ ሦስተኛው መድን ራስህ ነህ ማለት ነው፣ ጉዳቱ 150 ሺህ ከሆነ 100 ሺህ ይሰላልሃል፣ ከሱ ላይ ኤክሰስ፣ ማለትም በፖሊሲው ከራስህ የምትችለው ድርሻ፣ ይቀነሳል። ይሄ ሞዲፋይ ላላደረገውም ሰው ነው፣ ማንም አይነግራችሁም እንጂ በየዓመቱ ስታድሱ ዋጋውን አስተካክሉ።

የቪትዟን ባለቤት በተመለከተ፣ የሱ ጉዳይ ከሞተር ቁጥርህ ጋር አይገናኝም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው እኮ እንደሱ ላሉ ሰዎች ተብሎ ነው። ኩባንያው ከሱ ጋር ይጨርስና አንተ ውል ጥሰሃል ካለ በኋላ ወዳንተ ሊመለስ ይችላል፣ ያ ያንተና የኩባንያው ጉዳይ ነው። የፖሊሲ ቁጥርህን፣ የኩባንያውን ቅርንጫፍና የትራፊክ ሪፖርቱን ኮፒ ስጠውና ራሱ ሄዶ ያመልክት። አደራህን «ከኪሴ እከፍላለሁ» ብለህ ወረቀት እንዳትፈርም፣ ጥሬ ብርም እንዳትሰጥ፣ ኩባንያው ሳይፈቅድ ኃላፊነት መቀበል ራሱ በፖሊሲው የተከለከለ ነው፣ ሌላ ሰበብ እንዳትሰጣቸው። የንብረት ጉዳት ግን ጣሪያ አለው፣ ከጣሪያው በላይ ያለው ሙሉ ኢንሹራንስህ ውስጥ ለሦስተኛ ወገን ተጨማሪ የገዛኸው ካለ ከሱ፣ ከሌለ ካንተ ነው። ሰውየውን ስልክ አንሳለት ብቻ፣ ስልክ ያልተነሳለት ሰው ነው ፍርድ ቤት የሚሄደው።

አሁን ደብዳቤ ጻፍ። በስልክ የተባለ «አይከፈልም» መልስ አይባልም፣ ያ ሠራተኛ ነገ ሌላ ቅርንጫፍ ሊዛወር ይችላል። ለክሌም ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁለት ኮፒ፣ አንዱ ላይ ገቢ ማህተምና ቀን አስመታ። ረጅም አታድርገው፣ እንዲህ በል፦ በዚህ ቀን አደጋ ደርሶብኛል፣ በዚህ ቀን አሳውቄያለሁ፣ የመኪናዬ ሞተር የቀድሞው ስለተበላሸ በዚህ ቀን የተቀየረ መሆኑን እገልጻለሁ፣ ለውጡን ማሳወቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር፣ የአደጋው ምክንያት በትራፊክ ሪፖርቱ እንደተመለከተው ርቀት አለመጠበቅ ነው፣ ክሌሙ ተቀባይነት የማያገኝ ከሆነ የተመሠረተበት የፖሊሲ አንቀጽ ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፣ ይህ ካልሆነም ሞተሩ ቢመዘገብ ኖሮ ይጠየቅ የነበረው አረቦን ታስቦ ካሳው በዛው መጠን ተቀንሶ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ።

ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ሥራ የምትሠራልህ። ክሌም ኃላፊ ፊት ሁለት ምርጫ ብቻ ካለ፣ ሙሉ ክፈል ወይም አትክፈል፣ ለራሱ የሚቀለው አትክፈል ነው፣ ለአለቃው ማስረዳት አይከብደውም። መሃል ላይ ሕጉ የሚያውቀው መንገድ ስታሳየው ግን ብዙ ጊዜ እሱን ይወስዳል። አንድ ኮሮላ ትዝ ይለኛል፣ ሰውየው ሲገዛት ሞተሯ ተቀይሮ ኖሯል፣ እሱ ራሱ እኛ ስንነግረው ነው የደነገጠው፣ ሦስት ወር ተከራክረን በመጨረሻ ተቀንሶ ተከፈለው፣ ሲወጣ «ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ ሦስት ወር አልጮህም ነበር» አለን፣ እውነቱን ነው፣ እሱም አልጠየቀንም ነበር ግን።

በጽሑፍ እምቢ ካሉህ ወይ ዝም ካሉህ ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ አቤቱታ ይቀበላል። ፖሊሲህ ላይ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለ መጀመሪያ እሱን ተመልከት። ፍርድ ቤት ለመሄድ ደሞ ይርጋው ሁለት ዓመት ነው፣ «እየታየ ነው» እየተባልክ ሁለት ዓመት እንዳያልፍህ። መኪናዋን እስከዛ አታሠራት፣ ሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ ሰብስብ ግን በጽሑፍ ቀጥል ሳይሉህ አንድ ላሜራ እንዳይነካ።

ጥያቄ

አይሱዙ አለኝ፣ ሊብሬዋ 35 ኩንታል ይላል። እንደሰው ሁሉ ባሊስትራ አስጨምሬ ስፖንዳዋን ከፍ አድርጌ ነበር የምሠራባት። ከመቂ 50 ኩንታል ሽንኩርት ጭኜ ስመጣ ሾፌሬ ባጃጅ ላለመግጨት ሲል ተገለበጠች። ሰው ደህና ነው። ኢንሹራንሱ ከአቅም በላይ ጭነሃል ብሎ ዘጋብኝ። ባጃጁ ነው ምክንያቱ ብል አያዋጣም?

ከአዳማ

መልስ

ጌታው፣ እርስዎን ማስደሰት ይከብደኛል። ከአቅም በላይ መጫን በጭነት መኪና ፖሊሲ ላይ ሽፋን ከሚያሳጡት ነገሮች አንዱ ሆኖ የሚጻፍ ነው፣ 35 እና 50 ደሞ ልዩነቱ የሚያከራክር አይደለም። ባጃጁ ያሉት ገብቶኛል፣ ግን ሰርቬየሩ የሚመልስልዎ ይታየኛል፦ ስፖንዳ ከፍ ሲል ጭነቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ መኪናዋ መሪ ሲዞርባት ለመገልበጥ ቅርብ ትሆናለች፣ በ35 ብትሆን ሾፌሩ ባጃጁን አሳልፎ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ባሊስትራ መሸከምን ይጨምራል እንጂ ሊብሬን አይጨምርም።

የቀረ ነገር ካለ ጭነቱ በምን ተረጋገጠ የሚለው ነው። ሚዛን ላይ ወጥታለች ወይስ በዓይን ግምት ነው? በግምት ከሆነ ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው። የጭነት ወረቀቱን ግን ቀድዶ ጠፋ ማለት እንዳይሞክሩ፣ ነጋዴው ጋ ሌላ ኮፒ አለ። ሽንኩርቱን በተመለከተ የመኪና ኢንሹራንስ ጭነትን አይነካም፣ የባለ ጭነቱ ወይም የእርስዎ የዕቃ ማጓጓዣ መድን ካለ እሱን ይመልከቱ።

ጥያቄ

የልጄ ሲቪክ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ተጋጭታ ቶታል (መጠገኗ አያዋጣም) ተብላለች። ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ወንበር፣ ምኑ ቅጡ፣ ወደ 6 ሺህ ዶላር አውጥቶባታል። ኢንሹራንሱ ግን የሚያስበው የተራ ሲቪክ ዋጋ ነው። ልጁ ዕቃውን ፈትቼ ልውሰድ ይላል።

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እህቴ፣ እስኪስማሙ ድረስ አንድ ብሎን እንዳይፈታ ንገሪው። መኪናዋን እንዳለች አይተው ዋጋ ሊሰጡ ስለሆነ ዕቃ ከጎደለ ከዋጋው ይቀንሱባችኋል፣ ነገሩም ይበላሻል። ፖሊሲው ላይ ተጨማሪ ለተገጠሙ ዕቃዎች የሚሆን ሽፋን ካለ ዲክላሬሽን ገጹ (የገዛችሁት ሽፋን የተዘረዘረበት ገጽ) ላይ ታገኙታላችሁ፣ እዚያ አገር ብዙ ኩባንያዎች ኮሊዥን (የግጭት) እና ኮምፕሬሄንሲቭ (የስርቆት፣ የእሳትና የመሳሰለው) ሽፋን ላለው ሰው በነባሪ ወደ 1,000 ዶላር አካባቢ ነው የሚሰጡት፣ ከሱ በላይ የሚፈልግ ቀድሞ መግዛት ነበረበት። ደረሰኙን ሁሉ ሰብስባችሁ ከነፎቶው ላኩ። ሰፈራችሁ ውስጥ የሚሸጡ ተመሳሳይ ሲቪኮች ዋጋ ሦስት አራት አግኝታችሁም አያይዙ፣ የተራ ሲቪክ ዋጋ ራሱ ብዙ ጊዜ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚጀምረው። ካልተስማማችሁ ገለልተኛ ገማች የሚመረጥበት አንቀጽ ፖሊሲው ላይ ካለ ተጠቀሙበት፣ ከሱ በኋላ የሜሪላንድ ኢንሹራንስ አስተዳደር አቤቱታ በነጻ ይቀበላል። ዕቃውን መውሰድ ከፈለገ ዋጋው ላይ ስትደራደሩ በግልጽ ጠይቁ፣ የፋብሪካውን ቸርኬና ወንበር መልሶ ገጥሞ የራሱን እንዲወስድ የሚስማሙ አሉ፣ መስማማታቸውን ግን በኢሜይል ይጻፉላችሁ። ልጁ ደሞ የድሮውን ወንበር ጥሎት እንዳይሆን አሁኑኑ ጠይቂው።